የጦር ሰፈሩ ሁለት ክሮች

የስልክ ገመዱን የበጠሰው የመንገድ ሥራ ቡልዶዘር ነበር። ከአውራ ጣት በማይወፍር ገመድ ውስጥ ሃያ አራት የመስታወት ክሮች አሉ፤ የሆስፒታሉ፣ የባንኩ፣ የትምህርት ቤቱ። የራሱን መስመር መዘርጋት ያልቻለው ጦር ሰፈርም ከስልክ ድርጅቱ ሁለቱን ተከራይቷል። በአንዱ ይናገራል፣ በሌላው ይሰማል።

ቴክኒሻኑ ጉድጓድ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ክር ሲያጸዳ ከአናቱ በላይ የወታደር ጫማ አየ። ቀና ሲል የጦር ሰፈሩ የመገናኛ ክፍል አስር አለቃ ናት።

«የኛን አስቀድም።»

«የሆስፒታሉ ይቅደም፣ እመቤቴ።»

«እመቤት አይደለሁም፣ አስር አለቃ ነኝ።»

«እንግዲያው አስር አለቃ፣ የሆስፒታሉ ይቅደም።»

 ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለችና ዓይኑን የሚወጋውን ፀሐይ በባርኔጣዋ ጋረደችለት።

ከዚያ ወዲህ መስመሩ በተበላሸ ቁጥር እሱ የተበጠሰውን ክር ይቀጥላል፣ እሷ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ሆና በመፈተሻ ስልክ ትጠብቀዋለች።

«በክሩ የላክሁት ብርሃን ደረሰ?»

«ደረሰ።»

ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው። በጦሩ ክሮች ላይ የመሥራት ፈቃድ ያለው ሲቪል ከመገናኛ ወታደሮች ጋር ከሥራ ውጭ አይገናኝም፤ ሁለቱም ፈርመዋል። ስልኩን ሳይዘጉ ዝም ስለማለት ግን ደንቡ ያለው ነገር የለም። እነሱም ዝም ይሉ ነበር፤ አንዳንዴ ረጅም ደቂቃ፣ እሱ የእሷን ትንፋሽ እየሰማ፣ እሷም የእሱን።

አንድ ቀን ዝምታውን እሷ ሰበረችው።

«ምሳ በልተሃል?»

«ኧረ አልበላሁም።»

«ለዚህ ነዋ እንደ ክሩ የቀጠንከው!»

ሳቀች። ሳቋ ጆሮው ውስጥ እንደቀረ ማገናኛ ሳጥኑን ከፍቶ ሁለቱን ክሮች ሰካና ዘጋ። አቀያይሮ ነው የሰካቸው፤ የመናገሪያውን በመስሚያው ቦታ። ሰፈሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ደንቆሮ ሆኖ ቆየ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ሻለቃው ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሪፖርት እንድትጽፍ አዘዛት።

በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ ጉድጓዱ ድረስ መጣች።

«የመገናኛ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ብዬ ልጽፍ ነው።»

«ማሽኑ ምን በደለሽ?»

«አትቀልድ! ፈቃድህን ይቀሙሃል እኮ።»

«ይቀሙኛ። እኔ ሌላ ሃያ ሁለት ክር አለልኝ። አንቺ ግን ዋሽተሽ ብትያዥ ማዕረግሽን ትገፈፊያለሽ። እውነቱን ጻፊ።»

«ያን ስልክ ዳግመኛ አታነሳውም። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አለ፤ ድምፁ ግን እንደገባው ሰው አልነበረም።

ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። ለሦስት መስመር ግማሽ ሰዓት ፈጀባት።

በሳምንቱ ፈቃዱን ተቀማ። የጦሩ ክሮች ለሌላ ቴክኒሻን ተሰጡ። እሱም የባንኩን መስመር እየቀጠለ፣ አጠገቡ ወዳሉት ሁለት ክሮች ላለማየት አንገቱን አዙሮ መሥራት ለመደ።

እሑድ ረፋዱ ላይ እናቱ ከደጅ ተጣሩ።

«አንተ ልጅ! በር ላይ አንዲት ልጅ ቀጥ ብላ ቆማለች። ምን አጥፍተህ ነው?»

ሮጦ ወጣ። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። የተጣጠፈ ወረቀት አሳየችው።

«ደንቡን ሦስቴ አነበብኩት» አለች። «የሚከለክለኝ ፈቃድ ያለውን ሰው ነው። አንተ ደግሞ ምንም የለህም።»

በሩን እንደያዘ መንገዱን ዘግቶ ቆመ።

«ግቢ እንጂ ልጄ» አሉ እናቱ፣ ገፋ እያደረጉት። «እሱ እንደሆነ ሲደነግጥ እንግዳ ማስገባት አያውቅበትም። ለመሆኑ በምን ተዋወቃችሁ?»

«በሥራ ነበር፣ እማማ። አሁን ግን አንድም የሚያገናኘን ሥራ የለም» አለችና ሳቀች።

ሳቋን እስከዚያ ቀን በስልክ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ስትስቅ ግራ ጉንጯ እንደሚሰረጉድ ያየው ገና አሁን ነው።