ባዶው መስቀያ

ሰይፉ ከግድግዳው ላይ ጠፍቷል።

መርማሪዋ የአሮጌው ቤተ መንግሥት ዙፋን ክፍል ስትደርስ ሽማግሌው ዘበኛ በካቴና ታስሮ ቆሟል። የክፍሉ ቁልፍ የሚውለውም የሚያድረውም እሱ ኪስ ውስጥ ነው። የሰይፉ መጠቅለያ ጨርቅ ደግሞ ከልብሱ ሳጥን ተገኝቷል።

«ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?» አለ አስጎብኚው። «አማቴ ቢሆንም አልደብቅለትም።»

«አማቴ አትበለኝ! ልጄን ደብድበህ ካባረርክ በኋላ ምኔ ነህ?»

«የቤታችንን ጣጣ ምን አመጣው? ሰይፉን አምጣ!»

«ቁልፉ ከእጅዎ ወጥቶ ያውቃል?» አለች መርማሪዋ።

«ግቢ ስጠርግ ኮቴን በር ላይ እሰቅላለሁ። ሁሉም ያልፍበታል።» ሽማግሌው በአገጩ ወደ አስጎብኚው ጠቆመ። «እኔ ከታሰርኩ ልጄን በር ሰብሮ ይወስዳታል። ይገድላታል፣ እመቤቴ።»

«ቲያትሩን ተወው!» አለ አስጎብኚው።

መርማሪዋ ወደ እሱ ዞረች። «እስቲ ጠዋት ጎብኚዎቹን እንዳስጎበኘህ አስጎብኘኝ።»

ከበሩ ተነሥቶ፣ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ የኋሊት መራመድ ጀመረ። «የበር ደፍ አለ፣ ተጠንቀቁ። በስተግራ ዙፋኑ። ቀጥሎ የጦር አዛዡ ሰይፍ…» ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ጣቱ ልክ ባዶው መስቀያ ላይ አረፈ።

«ዞረህ አታይም?»

«ለጎብኚ ጀርባ አይሰጥም። ዓይኔን ቢሸፍኑኝም አልሳሳትም።»

ከጠዋቱ ጎብኚዎች መካከል አንዲት መምህርት ገና አልሄደችም ነበር። መርማሪዋ ጠራቻት። «ጠዋትም እንዲህ ነበር?»

«እንዲሁ የኋሊት ነበር የሚሄደው። ስለ ሰይፉ ግን ምንም አላለም፤ ከዙፋኑ ወደ መስኮቱ አለፈ። ባዶውን መስቀያ አይቼ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ዞሮ ያየው ያኔ ነው።»

«ሳትዞር አለመኖሩን በምን አወቅክ?» አለች መርማሪዋ።

«ረስቼው… ዘልዬው ነው።»

«ዓይኔን ቢሸፍኑኝም አልሳሳትም ያልከው አሁን ነው።»

አስጎብኚው መምህርቷን በጥላቻ አያት። መርማሪዋ የጉብኝቱን መንገድ ስታስፈትሽ ሰይፉ ቀጥሎ በሚጎበኘው አሮጌ እስር ቤት፣ ከደረጃው ስር ተገኘ።

«ሰይፍ ምን ያደርግልኛል!» ብሎ ጮኸ አስጎብኚው፣ ካቴናው ወደ እሱ እጅ ሲዞር። «ይሄ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ተገትሮ ሚስቴን ከለከለኝ። እሱ ቢታሰር የት ትገባ ነበር? ጨርቁንም እኔው ነኝ የከተትኩት! እወጣለሁ፣ ትሰማለህ? እወጣለሁ!»

ፖሊሶቹ እየጎተቱ ወሰዱት። እሱ ግን ፊቱን ከአማቱ ላይ ሳያነሳ የኋሊት ሄደ። በሩ ጋ ተደናቅፎ ተዘረረ።

«ደፍ አለ» አለ ዘበኛው፣ የእጁን አንጓ እያሻሸ።