ሁለት ጽዋ በሁለት ዱላ መሀል

ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሀል ቀጥ ሲል ውስጡ የነበርነው እኔና አንድ ካርቶን የጸጉር ቀለም ነን።

እኔ ስፈራ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። በሩን እየደበደብኩ ሕንጻውን፣ የሕንጻውን ባለቤት፣ ሊፍት የሚባል ነገር የፈለሰፈውን ሰው አንድም ሳላስቀር ሰደብኩ። ስድቡ ሊያልቅብኝ ሲል ከላይ የወንድ ሳቅ ሰማሁ።

«ማነው የሚስቀው? ሰው እየሞተ ይሳቃል?»

«የሚሞት ሰው እንዲህ አይጮህም» አለ ድምፁ። «የሊፍቱ ጠጋኝ ነኝ። በሩን ተይው እባክሽ፣ ምንም አላደረገሽም።»

«ገመዱ ቢበጠስስ?»

«ገመዱ አንድ አይደለም። ደግሞ እኔ አለሁ።»

«እኔ አለሁ» የማይል ወንድ የለም። ይሄኛው ግን ብሎ መጣ። በሩን ፈልቅቆ ከፈተው፤ የፎቁ ወለል ደረቴ ጋ ስለነበረ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ጎትቶ አወጣኝ። እጁ ላይ የነበረው ግራሶ ክንዴ ላይ ቀረ። ላመሰግነው ቀና ስል አየኝ፤ አየሁት። የምለው ጠፋኝ። እንደ እኔ ላለች ለፍላፊ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ሊፍት ብልሽት በዛ። ጠጋኙ ሊያየው ይመጣል፣ ሲጨርስ ደግሞ እኛ ጋ ውሃ ሊጠጣ ይገባል። «ይሄ ሊፍት ወይ አርጅቷል ወይ አፍቅሯል» አለች አክስቴ።

ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው የሴቶች ጸጉር ቤት የአክስቴ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝም እሷው ናት። ከጸጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ታሮት የሚባለውን የዕጣ ፈንታ ካርድ የማነበው እዚያ ነው። ካርዱን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። ዓይኗ ሲደክም ወንበሩን ለኔ ለቀቀችልኝ። ሴቶቹ ጸጉራቸውን ተሠርተው ሲያበቁ መጋረጃውን ገልጠው ይገባሉ።

ጠጋኙ ይሄን ሲሰማ ስም አወጣልኝ።

«ጠንቋይዋ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ጠንቋይ አክስትህ!»

«አክስት የለኝም። ያለችኝ እናት ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ አትንኪብኝ።»

አንድ ቀን ጸጉር ቤቱ ጭር ብሎ ሳለ እዚያች ክፍል ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «እስቲ አስተምሪኝ» አለ።

«ካርዶቹ አራት ወገን አላቸው፤ ዱላ እሳት ነው፣ ጽዋ ውሃ ነው። ሰይፍ ነፋስ፣ ሳንቲም መሬት። ሦስት ካርድ ታወጣለህ። ጉዳይህ መሀለኛው ነው፤ ግራና ቀኙ ጎረቤቶቹ ናቸው። ካርድ ጎረቤቱ ሳይታይ አይነበብም። እሳት አጠገቡ ነፋስ ካገኘ ይቀጣጠላል፣ መሬትም ውሃ ካገኘ ይለመልማል። እሳትና ውሃ ግን ይጠፋፋሉ፤ ነፋስና መሬትም እንደዚያው ናቸው። መሀሉ ላይ የፈለገ መልካም ካርድ ይውጣ፣ ጠላቶቹ መሀል ከተቀመጠ አቅም የለውም።»

«እሳትና መሬትስ?»

«እነሱ ሰላም ተባብለው ያልፋሉ።»

«እንደኔና እንደ አከራያችን» አለና ሳቀ። «እኔስ ምንድን ነኝ?»

«ውሃ ነህ። የተጨመርክበትን ዕቃ ቅርጽ ትይዛለህ፣ ማንንም አትቃወምም።»

«አንቺ ደግሞ እሳት ነሽ። ማን ነገረህ ብትይኝ፣ የሊፍቱ በር።»

ልስቅ ነበር፤ ግን እጁን እጄ ላይ አደረገው። ሁለታችንም እጆቻችንን አየናቸው። «እሳትና ውሃ ነን'ኮ» አልኩት በመጨረሻ። «ታዲያ ሻይ በምን ይፈላል?» አለኝ። እንዲህ ነበር እሱ። በዚያች ሰዓት ልቤን ሙሉ በሙሉ ሰጠሁት፣ ምን ልደብቃችሁ።

ጥቂት ወራት ሄደና «ለእናቴ ነግሬያታለሁ» አለኝ። «እሁድ ትመጪያለሽ። ጸጉር ቤት ነው የምትሠራው ብያታለሁ።»

«ካርዱንስ?»

«እሱን ራስሽ ንገሪያት። እሷ ከኔ ይልቅ በእንዲህ ያለ ነገር ታምናለች። ብቻ ትመርቀን። እናቴ ሳትመርቀኝ የጀመርኩት ነገር የለም።»

እኔም ከሱ ያላነሰ ምርቃቷን ፈለግሁት። ባልም፣ እናትም በአንድ በር ሊገቡልኝ ነበር።

ያን ሳምንት አንዲት እናት መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ጥቁር ሹራብ ለብሰዋል፤ ለጸጉር እንዳልመጡ ያስታውቃሉ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስማቸውን ሊነግሩኝ ሲሉ አስቆምኳቸው። የአክስቴ ሕግ ነው፤ እዚያች ክፍል ውስጥ የማንም ስም አይነገርም፣ ሥራና ሰፈርም አይጠየቅም። «የሚያውቀው ሰው ፊት አፍ ያዳላል» ትላለች።

«ልጄ ሴት ሊያመጣልኝ ነው» አሉ። «ልጅቷን አላየኋትም። ቤቴ ብትገባ ይሆንላቸው እንደሆን እይልኝ።»

ካርዱን በወዝኩ፤ እሳቸው ለሁለት ከፈሉት። መሀለኛውን ስገልጥ ሁለት ጽዋ ወጣ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጽዋቸውን የሚያጋጥሙበት ካርድ ነው፤ ለፍቅር ከሱ የሚበልጥ ጥቂት ነው። «እሰይ!» አልኩ ሳላስበው። ግራውን ገለጥኩ፤ አሥር ዱላ። ቀኙን ገለጥኩ፤ አምስት ዱላ።

«ምነው? ምን አየሽ?»

«እናቴ፣ ፍቅሩ እውነት ነው» አልኳቸው። «ምንም ውሸት የለበትም። ግን ይሄ ውሃ ነው፣ በግራም በቀኝም ደግሞ እሳት ነደደበት። ተኖ ያልቃል።»

«ቤቴ ውስጥ?»

«እርስዎ የጠየቁት ስለ ቤትዎ ነው።»

እንባቸውን በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉ። አንጀቴን በሉት። ያችን የማላውቃትን ልጅ ግን አላሰብኳትም። ሲወጡ እጄን ይዘው «እውነቱን ስለነገርሽኝ ተባረኪ ልጄ» አሉኝ።

እሁድ አክስቴ ጸጉሬን ሠርታ አልስማማ ሲላት አፍርሳ እንደገና ሠራችኝ። የእናቱን ቤት ደረጃ ስንወጣ እሱ እጄን ይዞ ያፏጫል። በሩን አንኳኳ። የከፈቱት ጥቁር ሹራብ የለበሱት እናት ናቸው።

ክው አልኩ። እሳቸውም የበሩን እጀታ እንደያዙ ቀሩ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ? ይቺ ናት'ኮ!»

«እንተዋወቃለን» አሉ። «ግቡ።»

ተቀመጥን። ማንም ሳይጠይቃቸው ሁሉንም ነገሩት። እሱ መጀመሪያ ሳቀ፤ እኛ እንዳልሳቅን ሲያይ አቆመ።

«በወረቀት ነው እንዲህ የምትሆኑት?»

«እናቴ፣ ተሳስቼ ነው» አልኩ። «በትክክል አላነበብኩትም። በደንብ ቢታይ...»

«አይ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ያን ቀን አላወቅሽኝም። የምታተርፊበት ነገር አልነበረሽም። ዛሬ ግን የምትፈልጊው ነገር አለ። የቷን ልመን? የያን ቀኗን ወይስ የዛሬዋን?»

የአክስቴን ሕግ ነው መልሰው ለኔ የነገሩኝ። ምን ብዬ ልከራከር?

«እንግዲያው ካርዱ ራሱ ውሸት ነው!» አልኩ።

«ታዲያ ለዚያ ሁሉ ሰው ለምን ታነቢያለሽ?»

እሱ እናቱን ያያል፣ እኔን ያያል። «እማ፣ በቃ መርቂን» አላቸው፤ እንደ ሕፃን ነው የለመናቸው። እጃቸውን ከጭናቸው ሊያነሱ ሞከሩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሞከሩ። «እጄ እምቢ አለኝ ልጄ» ብለው አለቀሱ። ሴትየዋን ልጠላቸው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም።

ደረጃው ላይ አስቆመኝ። «እኔ ያለ ምርቃትም ቢሆን አገባሻለሁ። እናቴ አኩርፋ አትቀርም። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። አንቺ ራስሽ ታምኚበታለሽ?»

አንዲት ቃል ናት የፈለገው። «አላምንም» ብዬ ብመልስለት አለቀ። አፌን ከፈትኩ። በልጅነቴ ከአክስቴ ጎን ተቀምጬ የሰማሁት፣ እኔ የነገርኳቸው ሴቶች «እንዳልሽው ሆነ» እያሉ ሲመለሱ ያየሁት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ያ ሁሉ ልፍለፋዬ የት እንደገባ እንጃ፤ ቃሏ አልወጣ አለች።

«እሷን እችላታለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለታችሁን ግን እንዴት አድርጌ ልቻላችሁ?»

ወዲያው አልተለያየንም። ቢሆን ይሻል ነበር። ሲያረፍድ «ይኸው ጀመረ» እላለሁ በልቤ። ሲደክመው «እየተነነ ነው» እላለሁ። በአፌ አልተናገርኩም፤ ፊቴ ላይ ግን ያነበው ነበር። እኔ ካርድ ሳነብ እሱ እኔን ሲያነብ ከረመ። በመጨረሻ የሚሠራበት ድርጅት ሩቅ ከተማ ሊፍት የሚተክል ሰው ሲፈልግ «እኔ እሄዳለሁ» አለ። ልሸኘው መናኸሪያ ሄድኩ።

«አልቆጣሽም» አለኝ ሻንጣውን አንስቶ። «ብቻ አንድ ቀን እንኳ 'ተሳስቶ ቢሆንስ' አላልሽም።»

አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት። አስቁሙት ብዬ ብጮህ ይቆም ነበር። እኔ ነኝ እንግዲህ፣ የሊፍት በር እየደበደብኩ ሕንጻውን በጩኸት የሞላሁት።

አክስቴ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለችኝ ማታ፣ ግን እያቀፈችኝ ነው። ቆይታ ደግሞ «ግራና ቀኝ ያሉት እሳቶች እነማን እንደሆኑ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አለች። መልሱ እናቱና እኔ ነበርን።

እሱ ከሄደ ከወራት በኋላ እናቱ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ሹራቡ ሰፍቷቸዋል። ያቺው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሲደውል 'ደህና ነኝ' ይልና ይዘጋዋል» አሉ።

«ለኔ አይደውልም» አልኩ።

«ይመለስ እንደሆን እይልኝ።»

«እኔ አሁን ለእርስዎ ላነብ አልችልም፣ አውቅዎታለሁ። ሕጉም...»

«ከሌላ ሰው መስማት አልፈልግም።»

በወዝኩ፤ ለሁለት ከፈሉት። ሦስቱን ፊታቸውን ደፍቼ ደረደርኩ። መሀለኛውን ልገልጥ ስል እጃቸው መጥቶ እጄ ላይ አረፈ።

«ተይው።»

«አልገልጠው?»

«ክፉ ቢሆን አንቺም ታምኚዋለሽ፣ እኔም አምነዋለሁ። ማን ይቀርለታል?»

እጃቸው ቀዝቅዟል። ደግፌ ያዝኩላቸው። ካርዶቹ ተደፍተው ቀሩ፣ እኛም ተያይዘን ተቀመጥን። አክስቴ ከውጭ «ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው!» ብላ ጮኸች። ማናችንም አልተነሳንም።