በሐጂ አብዱልመጂድ አውድማ የተበላው ምሳ

ዓመቱ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ወሩ ታኅሣሥ ነበረ፤ በቀወት ቆላ ማሽላው ታጭዶ በየአውድማው ተከምሯል፤ የሮቢ ወንዝ ውሃ ሳስቶ ድንጋዩ ወጥቷል፤ ከደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርዱት አውቶቡሶችም በዚያ ሰሞን የሚያራግፉት ከሳዑዲ ምድር የተባረረውን ሕዝብ ነበር። መንግሥት በጥያራ እያመላለሰ አዲስ አበባ ያወርዳቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደየቀዬው ይበተናል።

ወይዘሮ ፋዲላ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ለዑምራ ብላ ሄዳ በዚያው የቀረች፤ ሃያ ዓመት ያህል የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረች፤ ባሏን ካሚልን በጅዳ አፈር ቀብራ የመጣች ሴት ናት። ሸዋ ሮቢት እንደደረሰች ከባለ ሱቋ ከእትዬ ደብሪቱ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየች። ለእርሷ ወደ አገር መግባት ነው፤ ለልጇ ለሰሀር ግን ስደት ሆነ። ሰሀር ጅዳ ተወልዳ ጅዳ ያደገች የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ይፋትን በእናቷ ወሬ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም።

ልጅቱ የነካችው ሁሉ ተበላሸባት። ባጃጅ ስትሳፈር ሹፌሩ ጎን ወጥታ ተቀመጠች፤ ማንጎ ስትገዛ የተጠራባትን ዋጋ ሳትከራከር ብትሰጥ ሻጯ ራሷ ደንግጣ መረቀችላት፤ ቧንቧው ከስንት ቀን በኋላ ቢመጣ ጀሪካን በመደቀን ፈንታ ቆማ እግሯን ታጠበች።

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ እኮ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ይያዛል እንጂ አይጫወቱበትም» አለቻት እትዬ ደብሪቱ።

«ይቅርታ ኻላ፤ ነገም የሚመጣ መስሎኝ ነው።»

ፋዲላ ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ ትለምደዋለች ትላለች፤ ድካሙ ግን አጥንቷ ድረስ ገብቶ ነበር።

የባሰው በሐጂ አብዱልመጂድ አውድማ ደረሰ። ሐጂ በከተማው ዳር ማሽላ እያስወቁ፣ ከሠራተኞቻቸው ጋር ምሳ ቀርበው ሳሉ ሰሀር ስታልፍ አዩ፤ እንደ ወጉም «ቢስሚላህ፣ እንብላ!» አሉ። ደንቡ «በረካ ያድርገው» ብሎ ማለፍ ነው። ሰሀር ግን ቆመች፤ የሽማግሌ ጥሪ መግፋት ነውር መሰላት፤ እጇን ታጥባ ከወንዶቹ መሐል ተቀመጠችና ከማሽላው እንጀራ በማሾ ወጥ ጠግባ በላች፤ አመስግናም ተነሣች። ሠራተኞቹ እስክትርቅ እንኳ አልጠበቁም፤ ሣቁ ተከትሏት መንገድ ወጣ።

በማግስቱ ባጃጅ ነጂዎቹ ባለፈች ቁጥር «የጅዳዋ፣ እንብላ!» ይሏት ጀመር፤ ሴቶቹም ተቀባበሉት። ልጅቱ በር ዘግታ ተቀመጠች፤ በሦስተኛው ቀን ቆርጣ ተናገረች።

«ኡሚ፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ መኪና አለ። በአፋር በረሃ አርገው ባሕሩን ያሻግሩናል። ደላላውን አናግሬዋለሁ።»

«የቱን ባሕር? አንቺ የምታውቂው የጅዳውን፣ የኮርኒሹን ነው፤ አይስክሬም የሚሸጥበትን!»

«የትም ይሁን። እዚህ መሣቂያ ሆኜ አልኖርም፤ ወላሂ። ደግሞ ምን አጠፋሁ? ብዪ አሉኝ፤ በላሁ። የማይፈልጉ ከሆነ ለምን ይጠራሉ?»

እንዲህ ያለው ደንብ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነው፤ ፋዲላ ደግሞ ጡቷን ያጠባችው በሰው አገር ነበር። ልታስራት አትችል፤ ልትለምናትም ጉልበት አልቀራትም።

ረቡዕ ቀትር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ በቀጥታም ወደ አውድማው ሄደች።

«ቢስሚላህ፣ እንብላ!» አሉ ሐጂ፣ እንደ ልማዳቸው።

ፋዲላ እጇን ታጥባ ተቀመጠች።

«ፋዲላ፣ ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቱ እንብላ አሉኝ፤ መጣሁ። ከልብዎ አልነበረም እንዴ ሐጂ?»

«አረ… ከልቤ ነው።»

«እንግዲያው ወጡን ወደኔ ያስጠጉልኝ።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሊስቅ ሲል ሐጂ ገላመጡት።

ከዚያ ተነሥታ ወደ ባጃጅ ነጂዎቹ ሄደች፤ በጥላ ሥር ቆመው የሚጎርሱት ልማድ ሆኖባቸው ቢጠሯት እዚያም ተቀመጠች።

«እማማ፣ የጅዳ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው?» አላት አንዱ።

«አዎ የኔ ልጅ፤ እዚያ የተጠራ ይበላል። ሽንኩርቱን አትደብቅ።»

እንዲህ እያለች ከበር በር ዞረች፤ ማምሻውን እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ደረሰች፤ እርሷም የነቢያት ጾም ላይ ነበረችና ሽሮ አቅርባለች።

«ወየው ፋዲላ! አገሩ ሁሉ ስላንቺ ነው የሚያወራው፤ አብዳለች እያለ። ሆድሽ ሊፈነዳ እኮ ነው!»

«እንብላ በይኛ፣ እትዬ።»

«አልልሽም!»

ይህን ሲባባሉ ሰሀር ወሬውን ሰምታ እየሮጠች ገባች፤ የእናቷን ክንድ ያዘች።

«ኡሚ፣ ኸላስ! ሰው እየሣቀብሽ ነው፤ አሁን ‹የጅዳዋ› የሚሉት አንቺን አይደለም እንዴ!»

«ይሣቁ። ያንቺን ወስጄልሻለሁ» አለች ፋዲላ፤ ግንቡን ተደግፋም ተቀመጠች።

ሰሀር እንደ መሸከም አድርጋ ወደ ክፍላቸው አስገባቻት። በበነጋው፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ የጭነት መኪናው በአስፋልቱ ላይ ጥሩምባውን ነፋ፤ ሰሀር ትኩስ ውሃ በብርጭቆ ይዛ እናቷ ራስጌ ተቀምጣ ነበር። እቀራለሁ አላለችም፤ እሄዳለሁም አላለችም። መኪናው ሄደ። ከተማውም ከዚያ ወዲያ በእናቲቱ ላይ ሣቀ፤ ፋዲላም ያንን የሣቅ ስም እስከዛሬ ይዛ ትዞራለች።

የዚያን ዓመት ነገር የጻፉ ሰዎች ስለ ጥያራዎቹ ብዛት ጻፉ፤ ተመላሾቹ ስለተቀበሉት ብርድ ልብስና ብስኩት ጻፉ፤ ዳግመኛ ሄደው ባሕር ስለበላቸውም ጻፉ። በአንድ ሐሙስ መኪና ስላልተሳፈረች ልጅ የጻፈ የለም፤ ሳይሆን የቀረን ነገር የሚመዘግብ አይገኝምና። ፋዲላ ራሷም ስለዚያ ሰሞን ብትጠየቅ፣ ሆዴን ክፉኛ አሞኝ ነበር ከማለት በቀር የምትለው አልነበራትም።