ያልቀላው ወረቀት

ወረቀቱ መቅላት ነበረበት። አልቀላም።

የልብ ሐኪሙ ከሰባት ቁጥር በሽተኛ ምላስ ላይ ያነሳውን የምራቅ መፈተሻ ወረቀት ሆስፒታሉ ለጠራው መርማሪ አሳየው።

"እኚህ ሰው የቀይ ሥር ጭማቂ በየቀኑ ይጠጣሉ። ውስጡ ያለው ናይትሬት ምላስ ላይ ይለወጥና ወረቀቱን ያቀላል፣ ደም ሥርንም ያላላል። የደከመ ልብን ይረዳ እንደሆነ እያጠናን ነው።"

"ሌሎቹስ?"

"ግማሾቹ ናይትሬቱ ተለይቶ የወጣለትን፣ ባዶ የምንለውን ጭማቂ ይጠጣሉ። መልኩም ጣዕሙም አንድ ነው። በዕጣ ለማን የቱ እንደደረሰ የምታውቀው የመድኃኒት ባለሙያዋ ብቻ ነበረች። ዝርዝሩን ዛሬ አስከፈትኩ።"

መርማሪው የጭማቂውን ፍሪጅ ቁልፍ የምትይዘውን ጽዳት ሠራተኛ አስጠራ።

"አባቴ ይሙት አልነካሁም! ጭማቂው ራሱ ያቅለሸልሸኛል።"

"ሳትቀምሺው እንዴት አወቅሽ?"

"አንድ ጉንጭ ብቻ ነው፣ ጋሼ።" እንባዋ መጣ። መርማሪው በድምፁ ቁጣ አፈረ፤ አሰናበታት።

ከሰባት ቁጥር ትራስጌ የአፍ መጉመጥመጫ ተገኘ። ሐኪሙ እፎይ አለ።

"በቃ! ይኼ ናይትሬቱን የሚለውጡትን የምላስ ተህዋስያን ይገድላል። ሌባም የለ፣ ወንጀልም የለ።"

"ባዶውን የሚጠጡት የሦስት ቁጥር በሽተኛስ ወረቀት?" አለ መርማሪው ዝርዝሩን እያየ።

ሐኪሙ ወረቀቶቹን አገላበጠ። ነጭ መሆን የነበረበት ወረቀት ደማቅ ቀይ ነበር።

"መጉመጥመጫ ያነጣል እንበል፤ ያቀላልም?" አለ መርማሪው። "ከሃያው በሽተኞች የጭማቂ ሳጥን መሃል አንድ ናይትሬት ያለውና አንድ ባዶ ለይቶ የቀየረው ሰው ዝርዝሩን ያውቃል።"

ወደ በሽተኞቹ ክፍል ገብቶ ጥግ ተቀመጠ። የመድኃኒት ባለሙያዋ ጭማቂ እያደለች መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። ሌሎቹ በሽተኞች "እመቤት" ይሏታል። ሦስት ቁጥር ግን፣ "ሚጣዬ፣ ትራሴን ከፍ አድርጊልኝ" አሏት።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት።

"አባትዎ ናቸው?"

ግድግዳውን ተደገፈች።

"ዓመት ሙሉ ተቀምጠው ነው ያደሩት፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ዕጣው ባዶውን ሰጣቸው። ዝርዝሩን እኔው ነኝ የያዝኩት፤ አልቻልኩም። ዝምድናችንን ደበቅሁ። ሁለት ሳጥን ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ብቻ ነው የለዋወጥኩት።"

"የለዋወጡት ሁለት ሰው ነው።"

"ሰባት ቁጥር በየቀኑ እጅሽ ይባረክ ይሉኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይናቸውን አይቼ አላውቅም።"

"ለሐኪሙ እኔ እነግረዋለሁ። ለእሳቸው ግን እርስዎ ይንገሩ።"

ገባች። መርማሪው በሩ ላይ ቆመ። ሰባት ቁጥር ሳያቋርጡ አዳመጧት።

"አባትሽ አሁን ጋደም ብለው ይተኛሉ?"

"ይተኛሉ።"

"በኔ ጭማቂ ነው?"

"አላውቅም። ጥናቱን አበላሽቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም አያውቅም።"

ሽማግሌው ያልጠጡትን የጭማቂ ብርጭቆ መለሱላትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።