በጀርባዋ ያየችው

የዶክተር ሙስዐብ ፊት አልተረፈም። የጄኔሬተሩ ማስነሻ ብረት መጀመሪያ ማጅራቱን፣ ከወደቀ በኋላ ደግሞ መንጋጭላውንና ግንባሩን አድቅቆታል። ደሙ ከግድግዳው አልፎ ጣራው ላይ ተረጭቷል። ሬሳው ላይ አንዲት ዓይነ ስውር ኢትዮጵያዊት ተደፍታ ተገኘች፤ ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። ጊዜው ሰኔ 1997 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ ቦታው ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር የሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ ነው።

«ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል?» አለ የምርመራው መኮንን ነቂብ በሽር። «ዐረብኛዋ ግን አይጨበጥም። ለዚህ ነው ያስጠራሁዎት፣ ኻልቲ። ቃሏን ይተርጉሙልኝና ከዐስር ሰላት በፊት ወደ ሴቶች እስር ቤት ትሂድ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቂሷስ ነው። የሟች ቤተሰብ ነፍስ ከጠየቀ ትሰቀላለች።»

ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የተባሉት ወይዘሮ ማዘንጊያ ናቸው። ደሴ ላይ የወንጀል መርማሪ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ መንግሥት ሲገለበጥ በመተማ አድርገው ሱዳን ገቡ። አሁን ለቡሪ ፖሊስ ያስተረጉማሉ። አስተርጓሚ ይባሉ እንጂ፣ ጣቢያው ውስጥ ምላሳቸውን ሳይሆን ዓይናቸውን ነው የሚፈሩት።

ተጠርጣሪዋ ዘሊካ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ ናት። አል-ሳሃፋ ሰፈር በአንድ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ ዓይኗን ወሰደው። ማዘንጊያ ሲገቡ ደም የነካው ጥቁር ሰደርያ እንደለበሰች ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

«ወላሂ አልገደልኩም፣ እትዬ!»

«አይዞሽ ልጄ፣ ረጋ በይ። ያየሽውን ንገሪኝ።»

በሽር ሳቀ። «ዕውር ሆና አየሁ ትላለች! ለእኔም ‹ሁዋ አብየድ፣ ጠዊል› ብላኛለች፤ እሱ ነጭ፣ ረጅም ነው ማለቷ ነው። ነጭ ጀላቢያ የለበሰው ሌላው ሐኪም፣ ዶክተር ሳዲቅ፣ ብቻ ስለሆነ እሱንም አስቀምጬዋለሁ። ግን የጀርባ ምስክርነት የሚሰማ ዳኛ ከየት ይመጣል?»

የጀርባ ማለቱ ለቀልድ አልነበረም። የክሊኒኩ ቴክኒሻን ቢኒያም፣ እዚያው ካርቱም ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ በተሰባበረ አማርኛው አስረዳ። «መነጽሩ ላይ ካሜራ አለ። ካሜራ ነጭ ነገር ሲያይ፣ ሰደርያው በዚያው ቅርጽ ጀርባዋን ድርርር ያደርጋል። ጥቁር ከሆነ ኸላስ፣ ምንም የለም። ዶክተር የሠራው አንድ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ጎበዝ ነች፣ ኳስና ሳጥን በአንዴ ትለያለች።»

«ብረቱ ያንተ ነው?» አሉት ማዘንጊያ።

«የእኔ ነው፣ በር ጋ ነው የማስቀምጠው። ሁሉም ያውቃል።» ጥቁር ሸሚዙ በላብ ርሷል።

ማዘንጊያ ወደ ዘሊካ ዞሩ። «እሺ፣ ሰደርያው ምን አሳየሽ?»

«ዶክተር ነጭ ኳስ እያሳየኝ ነበር። ከኋላው ረጅም ነጭ ነገር መጣ። ብረቱ ሲያርፍበት ሰማሁ፤ እንደ ዱባ ነው የተፈረከሰው፣ እትዬ! ኳሱ ወደቀ። ያ ነጭ ነገር ግን መታው፣ መታው፣ መታው…»

«ሳያርፍ?»

«ያርፋል። ሁለቴ ይመታና ትከሻው ጋ ይሰፋል። አንድ እጅ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከዚያ መልሶ ይጠብባል። እንደገና ይመታል።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«በምን ልወቅ? ጀርባ ላይ ጢም አይታይ!»

«ድምፅስ? ሽታስ?»

«ሙከይፉ እያጓራ ምን ይሰማል?» አለች፤ መስኮቱ ላይ የተገጠመውን በውሃ የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ ማለቷ ነው። «የሸተተኝ ደም ብቻ ነው። ሲሄድልኝ ዶክተርን ስዳብስ ብረቱን አገኘሁት።»

ማዘንጊያ ሌሎቹን አንድ በአንድ አነጋገሩ። የሟች ባልደረባ ዶክተር ሳዲቅ፣ እጅጌው ላይ የደረቀ ቀለም ያለበት ነጭ ጀላቢያ ለብሶ ቁጭ ብሏል።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ ተጣልተናል! ሰደርያውን አብረን አስበነው እሱ በራሱ ስም ብቻ አስመዘገበው። ተቆጥቻለሁ፤ ግን ሰው በብረት አልቀጠቅጥም።»

«ይህ ቀለም መቼ ፈሰሰብህ?»

«ጠዋት፣ ስጽፍ። በረኛውም አይቷል።»

ሬሳውን ቀድማ ያገኘችው ነርሷ ዛሂራ ናት። ሱዳናውያት ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ ቶቡን፣ ለብሳለች፤ ብርቱካናማ አበባ አለው። ስታወራ ከፀጉሯ ይንሸራተታል፣ እሷም ሳታስበው መልሳ ትወረውረዋለች።

«ሦስት ማዕዘን ከክብ የማትለይ ገረድ ነፍሰ ገዳይ አየሁ ስትል ትሰማታላችሁ?» አለች።

«ቶብሽ ያምራል። ሰርግ አለብሽ?»

«አይ… አዎ፣ ከሰዓት በኋላ።»

ማዘንጊያ ወጥተው ቢኒያምን ጠየቁት፤ ዛሂራ ምን ዓይነት ሰው ናት?

«ሚስኪን። ባሏ ወታደር ነበር፣ ዓይኑን ፈንጂ ወሰደው። ሰደርያው ለእሱ ነው ተብሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ዶክተር፣ ‹ዘሊካን ይዤ ውጭ አገር እሄዳለሁ፣ ሰደርያውም የእሷ ነው› አለን።»

የዐስር ሰላት ሊደርስ ሲል ሁሉም ሬሳው የተነሳበት ክፍል ተሰበሰቡ። ጣራው ላይ ያለው ደም ጠቁሯል። ዘሊካ ሰደርያዋንና መነጽሯን አድርጋ እንደ ጠዋቱ ተቀመጠች።

«ጀናቡ፣ ታገሠኝ» አሉት ማዘንጊያ በሽርን፣ ጋዜጣ እየጠቀለሉ። «እያንዳንዱ ይህን ወንበር ይምታ። እንደ ጠላቱ ይምታ።»

ሳዲቅ መታ። ዘሊካ ራሷን ነቀነቀች። «ነጭ ነው፣ ግን ይህ አይደለም።» ቢኒያም መታ። «ምንም የለም» አለች።

ለዛሂራ ማዘንጊያ ከጎረቤት የተዋሱትን ነጭ ቶብ ሰጧት። ፊቷ አመድ መሰለ። በሽር አፈጠጠባት፤ ለበሰችና መታች። አንዴ። ሁለቴ። ቶቡ ከራሷ ተንሸራተተ፣ ግራ እጇ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ጫፉን ትከሻዋ ላይ ወረወረው።

ዘሊካ ወንበሩን ገልብጣ ግድግዳው ሥር ተወሸቀች። «ሁዋ! ሁዋ! መጣብኝ!»

«‹ሁዋ› ማለት ወንድ ነው!» አለ በሽር።

«ለአንተ ነው እንጂ» አሉ ማዘንጊያ። «የእሷ ዐረብኛ የማድ ቤት ዐረብኛ ነው። እመቤቷንም፣ ጌታዋንም፣ ድስቱንም ‹ሁዋ› ነው የምትለው። አንተ ያን ሰምተህ ጀላቢያ አሰብክ። ጀላቢያ ግን ይንሸራተታል? ሰው እየገደለ፣ በየሁለቱ ምት ልብሱን ወደ ትከሻው የሚመልስ ወንድ አይተህ ታውቃለህ? ቶብ የለመደች ሴት ግን እጇን አታዘውም። ደግሞ ይህ ደም ጣራ ድረስ ከተረጨ ገዳዩ ላይ እንዴት አላረፈም? የሳዲቅ ጀላቢያ የጠዋቱ ነው፤ ቀለሙ ይመሰክራል። የቢኒያምን ጥቁር ሸሚዝ ሰደርያው ጨርሶ አያየውም። የቀረችው አንዲት ናት።» ወደ ዛሂራ ዞሩ። «የካርቱም ሠራተኛ ሴት ሥራ የምትገባው በነጭ ቶብ ነው። አንቺ በሥራ ቀን፣ ከቀኑ በአምስት ሰዓት፣ አበባ ለብሰሽ ሬሳ አገኘሁ ብለሽ ጮኽሽ። ወደ ቤት ስትመለሽ የምትለብሽው ነው አይደል? ነጩ ግን የት ገባ? በሩ ላይ በረኛ ስላለ ይዘሽው አልወጣሽም፤ እዚህ ደግሞ ደም የሚውጥ ውሃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቢኒያም፣ ሙከይፉን ክፈተው።»

ቢኒያም ሽፋኑን ነቅሎ እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ። የተጠቀለለ ጨርቅ ጎተተ፤ ቀይ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ።

ዛሂራ ዘለለች፤ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ዘሊካ። ጉሮሮዋን አንቃ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አላተመችው። በሽርና ሳዲቅ ፀጉሯን ጎትተው እስኪያላቅቋት የዘሊካ ከንፈር ተተርትሮ ነበር።

«አንድ ዓመት!» ትጮኻለች ዛሂራ በካቴና ውስጥ እየተወራጨች። «አንድ ዓመት ሙሉ ባሌ በር ላይ ቁጭ ብሎ ‹ዛሬስ?› ሲለኝ! ዶክተሩ ዓይኑን ለገረድ ሰጠበት! ደግሜ እገድለዋለሁ!»

«ምን አለች፣ እትዬ?» አለች ዘሊካ ደሟን እየጠረገች። የሰው ዐረብኛ ሲፈጥንባት ያመልጣታል።

ማዘንጊያ ነገሯት፤ አንዲት ቃል አልደበቁም። በሽር ደግሞ የሰደርያውን ማሰሪያ ከጀርባዋ ይፈታ ጀመር። ኤግዚቢት ነው፣ ሕግ ነው፣ ምን ያድርግ። ዘሊካ እጇን አንስታ አመቻቸችለት።

«ልሄድ እችላለሁ ማለት ነው?»

«ነፃ ነሽ ልጄ።»

«ይንገሩልኝ እንግዲህ፣ እትዬ። ሳምንት ሰባት ቀን አይደል? ብትጠይቀኝ ኖሮ ሦስቱን ቀን ለባሏ እሰጠው ነበር።»

ማዘንጊያ ተረጎሙላት። ዛሂራ እስከዚያች ደቂቃ አላለቀሰችም ነበር።