በሰዓቱ ጀርባ

ልብስ ሰፊው የሞተው ጠዋት፣ ፀሐይ ፏ ብላ በወጣችበት፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ነው። ከሱቁ በስተጀርባ ካለው የፎቅ በረንዳ ወድቆ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ቀረ። ብርጭቆው ደቀቀ። ከግራጫ ኮቱ ግን አንዲት ቁልፍ እንኳ አልተበጠሰችም፤ ራሱ የሰፋው ነበርና ከባለቤቱ ይልቅ ጠንክሮ ተገኘ። በውስጥ ኪሱ በሪባን የታሰረች ትንሽ ሳጥን ነበረች፤ በሳጥኗ ውስጥ ደግሞ አዲስ የእጅ ሰዓት፣ ምንም ሳይሆን የሚሠራ።

መርማሪዋን ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ቁጭ በሉ» ነው የሚሏት። ከማንም ጋር ስታወራ የመጀመሪያ ቃሏ እሱ ነው። ግማሹ ትሕትና፣ ግማሹ የጉልበት ሕመም ነው፤ ሌላው ካልተቀመጠ እሷም መቀመጥ አይሆንላትም።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «ፎቅ ላይ ከሟቹ ጋር የነበረችው ልጁ ብቻ ናት። ምድር ቤት ያለው ዳቦ ጋጋሪ ሰውዬው ሲወድቅ ‹ምነው ልጄ!› ብሎ ሲጮህ ሰምቷል። ዛሬ ደግሞ ልደቷ ነው፤ አሥራ ስምንት ሞላት።»

«እና?»

«እናማ፣ ትናንት ቢሆን እንደ ልጅ ትታይ ነበር። ዛሬ እንደ አዋቂ ነው የምትጠየቀው። ዕድሜዋን እዚያው ትጨርሳለች።»

«ጥሩ የልደት ስጦታ አግኝተህላታል» አለችውና እያነከሰች ደረጃውን ወጣች።

በረንዳው ጠባብ ነው። ዳር ዳሩን የሚከልለው ብረት መሐል ላይ ተቆርጦ ተነሥቷል፤ ዝጎ ስለነበር በያጅ ለጥገና ወስዶታል። ክፍተቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል። እስኪጠገን ድረስ ቤተሰቡ እግሩ ብረት የሆነ ከባድ አግዳሚ ወንበር ገፍቶ ክፍተቱን ዘግቶበት ነበር። አሁን አግዳሚው ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተከምሮበታል፣ ከድሮም እዚያ የነበረ ይመስል።

መርማሪዋ አግዳሚውን ትንሽ ገፋችው። ብረቱ ወለሉን ሲፍቅ ሲጢጥ የሚል ድምፅ አወጣ፤ ዳቦ ጋጋሪው ከታች ቀና አለ።

«ዛሬ ጠዋት ይሄን ድምፅ ሰምተሃል?» ብላ ጮኸችበት።

«ኧረ በጭራሽ! ይሄማ ሙት ይቀሰቅሳል» አላት። የተናገረው ሲገባው ግን ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ።

ጎንበስ ብላ የአግዳሚውን እግሮች አየች። በአንደኛው ላይ ዳሩ በሙቀት የጠቆረ ወፍራም ነጭ ጨርቅ ተቦጭቆ ተይዟል። በፖስታ ውስጥ አደረገችው።

ሱቁ ውስጥ ገብታ ዙሪያውን ቃኘች። ከሟቹ የስፌት መኪና በላይ አምፖል የለም፤ መያዣውን አቧራ ለብሶታል። የመርፌ ትራሱ ላይ ክር የገባላቸው መርፌዎች ተደርድረዋል። የክር ማጠንጠኛዎቹ ጠርዝ በምላጭ ተጭሯል፤ ጥቁሩ አንድ ጭረት፣ ነጩ ሁለት፣ ሰማያዊው ሦስት።

ሴት ልጁ ሜትሩን ከአንገቷ አላወረደችም። ዓይኗ አብጧል።

«ቁጭ በይ ልጄ» አለቻት መርማሪዋ። «አግዳሚውን ማን አነሣው?»

«አላውቅም። ሻይ ሰጠሁትና ሱሪ ልቀመቅም ተመለስኩ። ሁልጊዜ ጠዋት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠጣው።»

«ክፍተቱን እንዴት ሳያስተውል ቀረ?»

«አባቴ ደህና አድርጎ ያይ ነበር!»

«አያይም አላልኩም» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መሐላ አለባት፤ የሞተ ሰው ደግሞ መሐላ አይፈታም። ቢሆንም የመርማሪዋ ዓይን ባዶው የአምፖል መያዣ ላይ እንዳረፈ ስታይ ተስፋ ቆረጠች።

«ዓመት አልፎታል» አለች። «መጀመሪያ ቀለም ጠፋበት፣ ቀጥሎ ሁሉም። ዕውር ልብስ ሰፊን ማን አምኖ ጨርቅ ይሰጠዋል ብሎ አስማለኝ። ቆርጬ እሰጠዋለሁ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ይሰፋዋል። ለሚስቱም ለወንድሙም እንዳልናገር አስምሎኛል። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

ፖሊሱ እጁን ወደ ካቴናው ላከ። ምስኪኗ ልጅ መሐላዋን አፍርሳ ያተረፈችው ገመዱን በገዛ አንገቷ ማጥለቅ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አለችው መርማሪዋ። «ነገርን ከሥሩ ነው።»

የእንጀራ እናቷ ጥቁር ለብሳ፣ ከሐዘኗ ይልቅ ቁጣዋ ጎልቶ ገባች።

«ቁጭ ይበሉ። ከባለቤትዎ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንዴት ብለን እንሆናለን? ዓመት ሙሉ ቀና ብሎ አላየኝም! ፀጉሬን ተቆርጬ ገባሁ፣ ምንም አላለኝም። ቀይ ቀሚስ ለብሼ ፊቱ ቆምኩ፣ ‹ማነው?› ብሎኝ አረፈ። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ስንት ሌሊት አለቀስኩ። ጭራሽ ሱቁን ለልጁ!»

«ማን ነገረዎት?»

«በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ትናንት ከራት በኋላ ወጥ ቤት ሆኜ ዕቃ አጥባለሁ። ወንድሙ ሰዓቱን ይዞ መጣ። ባሌም ‹በል ጀርባዋን አንብብልኝ፣ ያልኩህ መሆኑን ልስማ› አለው። ወንድሙም አነበበለት፤ ‹ለልጄ። ከዛሬ ጀምሮ ሱቁም መቀሱም ያንቺ ነው።› ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። ተናድጄ የቧንቧውን ውኃ ለቀቅኩት።»

«ባለቤትዎ ምን አሉ?»

«ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።»

ወንድሙ የመጣው በመጨረሻ ነው። የሟቹ ታናሽ፣ የሱቁ ባለ ካውያ፤ የተሰፋውን ሁሉ የሚተኩሰው እሱ ነው። እንባውን በመሐረብ እየጠረገ ተቀመጠ። መሐረቡ በደንብ ተተኩሷል።

«ወንድምዓለም፣ ወንድምዓለሜ!» ይላል። «አሳድጎኝ፣ ሙያ አስተምሮኝ!»

«ዓይናቸው እንዴት ነበር?»

«የሱ ዓይን? ከበር ላይ ሆኖ የላላ ስፌት የሚያይ ሰው! ከእኔ ይሻል ነበር እኮ።»

«ዛሬ ጠዋትስ የት ነበሩ?»

«ለደንበኛ ሱፍ ላደርስ ወጥቼ ነበር። ሲወድቅ እዚህ አልነበርኩም፤ ይጠይቁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስወጣ ግን... ልጄ ናት፣ እኔ ነኝ ያዘልኳት፣ መናገሩ ያንቀኛል። ሚጣ አግዳሚውን ስትጎትት አይቻታለሁ።»

«ሲጎተት ድምፅ ነበረው?»

«ይጮሃል እንጂ! ጆሮ ይበሳል።»

ካፉ ማር ጠብ ይላል። መርማሪዋ አመስግና ሸኘችውና ሰዓቱን ይዛ መንገዱ ጫፍ ወዳለው ሰዓት ሻጭ ሄደች።

«ሁለቱ አብረው ነው የመጡት» አላት ሻጩ። «ለልጅ ልደት ነው ሲሉኝ በባትሪ የሚሠራ፣ የሚያብረቀርቅ አወጣሁ። ልብስ ሰፊው ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣ ‹ይሄ ድዳ ነው። ለልጄ የማይናገር ሰዓት አልሰጥም› አለኝ። ቀጥሎ በእጅ የሚሞሉትን፣ የድሮዎቹን ዓይነት፣ እያንዳንዳቸውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማ። ሌላ ደንበኛ ‹ኧረ ቶሎ በል› ቢለው፣ ‹አንተ ሚስትህን በስንት ደቂቃ መረጥክ?› ብሎ አሳቀን። በመጨረሻ ይቺን ያዘ። ‹ይቺ ለልጅ ልጅ ትደርሳለች› አለ። እንዲህ አድርጎ የሚመርጥ የሰዓት አዋቂ ነው ብዬ ነበር።»

«ጀርባው ላይ የሚጻፈውን ማን ነገረዎት?»

«ወንድሙ። በማግስቱ ብቻውን ይዟት መጣ። እሱ ያለኝን ቀረጽኩ።»

መርማሪዋ ሰዓቱን ገለበጠችው። በሚያምር ፊደል፣ «መልካም ልደት። ከአባትሽና ከአጎትሽ» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ከፖሊሱ አጠገብ፣ የእንጀራ እናቷ የስፌት መኪናው ሥር፣ ባለ ካውያው መተኮሻው ጠረጴዛ ዘንድ። ሰዓት ሻጩም በር ላይ ቆሟል።

«ቁጭ በሉ» አለች፤ ተቀመጡ።

«ሟቹ ማየት የተሳናቸው ሰው ነበሩ። ዓመት ሆኗቸዋል።»

የእንጀራ እናቷ ቀስ ብላ ተነሣች። «ምን?»

«አላዩዎትም እንጂ አልጠሉዎትም።»

ሴትዮዋ መልሳ ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ የረገመችው ሰው አስከሬን ክፍል ተኝቷል፤ ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው አጣች። ያኔ ነው እውነተኛው ለቅሶ የመጣላት። መርማሪዋ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት።

«በብርሃን፣ ዓይን ላለው ሰው አግዳሚ ቢያነሡበት ምንም አይሆንም» ብላ ቀጠለች። «ክፍተቱን አይቶ ይመለሳል። አግዳሚውን ያነሣው ሰው እንግዲህ ሟቹ እንደማያዩ ያውቃል። ብረቱን በእጃቸው እየዳሰሱ ሄደው፣ ብረቱ ሲያልቅ ለመቀመጥ አንድ እግር እንደሚያነሡ ያውቃል። ደግሞም የማያይ ሰው ጆሮ እንዳለው አስቧል፤ እግሮቹ ሥር ጨርቅ አንጥፎ ነው በዝምታ ያንሸራተተው። ዳቦ ጋጋሪው ምንም አልሰማም። እርስዎ ግን ይጮሃል ብለውኛል» አለችና ወደ ባለ ካውያው ዞረች።

«እኔ... ሌላ ቀን የሰማሁት ይሆናል።»

«ይሁን። ጨርቁ ይኸው፤ ዳሩ በካውያ የተቃጠለ የመተኮሻ ጨርቅ።»

«ጨርቁ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውለው፣ ማንም ያነሣዋል! ዓይኑ እንደማያይ በምን አውቄ? አንድም ቀን አልነገረኝም!»

«አልነገሩዎትም፤ እውነት ነው። ትናንት ማታ ግን ይቺን ሰዓት አንብበውላቸዋል። እስቲ፣ ምን ብለው አነበቡ?»

ባለ ካውያው ወደ እንጀራ እናቷ አየ። የቧንቧው ውኃ ከማንበቡ በፊት የወረደና እሷም ያልሰማች መስሎት ኖሯል።

«‹ሱቁም መቀሱም ያንቺ ነው› ብለሃል» አለችው ሴትዮዋ በእንባዋ መሐል። «ሰምቼሃለሁ።»

«እዚህ ግን የተጻፈው ሌላ ነው» አለች መርማሪዋ ሰዓቱን እያሳየች። «ዓይን ላለው ሰው ጽሑፉ እፊቱ ተዘርግቶ እያለ ያልተጻፈ የሚያነብለት የለም። እርስዎ አነበቡ። ወንድምዎ እንደማያዩ እርግጠኛ ስለነበሩ ነው።»

ባለ ካውያው ሰዓቱን ላለማየት ፊቱን አዞረ።

«መጀመሪያ ለመግደል አላሰቡም ይመስለኛል» አለች። «ያንን ቃል ለሰዓት ሻጭ መናገር አቃተዎት። ሱቁ የሷ ነው ብሎ ማስቀረጽ ጎመዘዘዎት፤ ቃሉን ለወጡት። ተንኮሉ ትንሽ ነበር። ዛሬ ግን ሳጥኑ ሊከፈት ነው። ልጅቷ ጮክ ብላ ልታነብ፣ አባቷም ሊሰሙ። ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት አንዱ መሞት ነበረበት።»

ባለ ካውያው ጠረጴዛውን በእጁ ዳበሰ፤ አልካደም።

«ሠላሳ ዓመት እዚች እንፋሎት ውስጥ ቆሜያለሁ» አለ። «ሳንባዬ ተቀቅሏል። አንድ ቀን ፊቱ ቆሜ ምላሴን አወጣሁበት፣ እንደ ልጅ። መስፋቱን ቀጠለ። ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሷን አምኖ እኔን አላመነኝም። ሚጣ ላይ ግን ክፉ እንዲደርስ አልፈለግኩም...»

«ስትጎትት አየኋት ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለች መርማሪዋ።

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ከልጅቷ አጠገብ ወደ ባለ ካውያው ሄደ። ልጅቷ ነፃ ወጣች። ደስታ የሚባል ነገር ግን ፊቷ ላይ አልታየም።

«‹ምነው ልጄ› ያለው ለዚህ ነው» አለች። «እኔ ብቻ የማውቅ መስሎታል። አባቴ የገደለችኝ ልጄ ናት ብሎ ሞተ።»

«ሰው ሲወድቅ የሚጠራው የሚወደውን ነው» አለቻት መርማሪዋ።

«እርስዎ ያምኑታል?»

መርማሪዋ መዋሸት አልሆነላትም። «ቁጭ በይ ልጄ» ብቻ አለች። ልጅቷ አልተቀመጠችም። ሰዓቱን ከመርማሪዋ እጅ ወስዳ ወደ አጎቷ ዘረጋች።

«ያንብቡልኝ» አለችው። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «አንተ» ስትለው ነው ያደገችው። «ለሱ እንዳነበቡለት።»

«ሚጣ፣ እባክሽ...»

«የተጻፈውን አይቻለሁ። አባቴ ያለውን ግን አልሰማሁም። ያንብቡ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ባለ ካውያው በካቴና በታሰሩ እጆቹ ሰዓቱን ያዘ። ራሱ ያስቀረጸውን እያየ፣ ያላስቀረጸውን አነበበ።

«ለልጄ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ሱቁም መቀሱም ያንቺ ነው። ዓይኔ ነሽ።»

የመጨረሻውን ቃል የእንጀራ እናቷም አልሰማችውም ኖሯል፤ ውኃው ውጦባታል። ልጅቷ ዓይኗን እንደጨፈነች ሰዓቱን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ለረጅም ጊዜ አዳመጠችው። ከዚያ ለመርማሪዋ መለሰችላት፤ ማስረጃ ነውና።

«በየጠዋቱ ካልሞሉት ይቆማል» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች መርማሪዋ። ማስረጃ ክፍል ውስጥ ሰዓት የሚሞላ ሰው እንደሌለ ግን አልነገረቻትም።