ዝዬዎች ባረፉበት ረግረግ

የፊንታን ኮዲ አስከሬን አየርላንድ ውስጥ ከዌክስፎርድ ባሕር ዳርቻ ወዲህ፣ ረግረጉ ውስጥ ካለ ቦይ ተገኘ። በግንባሩ ተደፍቷል፤ የሩቅ ማያው ባይኖኩላር አንገቱ ላይ ነው፤ ወፍራም መነጽሩ ከፊቱ ሥር ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። ከማዶ፣ ከግሪንላንድ ለክረምቱ የመጡት ዝዬዎች ሣር ይግጣሉ።

«አዳልጦት ነው» አለ ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ።

ኢንስፔክተር ኑዋላ ዴቨሩ ተንበርክካ የሟቹን አንገት አየች። በስተኋላ ግራና ቀኙ በልዟል።

«የሰው እጅ ነው የደፈቀው» አለች። ከዚያ ባይኖኩላሩን አንስታ አገላበጠችው፤ ፊቷ ተቀየረ።

ማለዳ ወፍ ሊያዩ አብረውት የወጡት ሦስት ነበሩ፤ ሚስቱ ብሪድ፣ ወንድሟ በግ አርቢው ኮለም ሮሽ፣ ፎቶ አንሺዋ ኦርላ ፉርሎንግ። ከረፋድ ጀምሮ ግን ሁሉም ለየብቻ ነበሩ። ኑዋላ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ» አለቻት ኦርላን።

«አዎ! ዝዬዎቹን አስበረገግሽ ብሎ ጮኸብኝ። ለዚህ ሰው የሚገደል ቢሆን የወፍ ማኅበራችን ድሮ ባለቀ ነበር!»

ኮለም እጁን እያሟሟቀ ቀረበ። «ባሕሩ ዳር ነበርኩ። አጠገቡ አልደረስኩም፤ ከሩቅ ነው ያየሁት።»

ብሪድ በመጨረሻ ቀረበች። «ባለፈው ወር መግደሉ በሕግ የተከለከለ ንስር በመርዝ ተገድሎ ነበር። ፊንታን ትናንት ‹ማን እንዳደረገው ደርሼበታለሁ፤ ነገ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ› አለኝ። ማን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ‹ብነግርሽ አንቺን ነው የሚጎዳሽ› አለኝ።»

«ባይኖኩላሩን ማን ገዛለት?»

«እኔ። አምና ለገና፣ ለእሱም ለኮለምም አንድ ዓይነት።»

ኑዋላ ሦስቱንም ወፍ መመልከቻው ጎጆ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሟቹን ባይኖኩላር ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መነጽር የሚያደርግ ሰው የዓይን ማረፊያውን ላስቲክ ወደ ውጭ ያጥፈዋል፤ ካላጠፈው የሚያየው ግማሹ ይጋረድበታል። ከአራታችሁ መነጽር የሚያደርገው ፊንታን ብቻ ነበር። ይሄኛው ላስቲክ ግን ታጥፎ አያውቅም። ስለዚህ የፊንታን አይደለም። አቶ ኮለም፣ የእርስዎን ያሳዩኝ።»

ኮለም ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት። ላስቲኩ ታጥፏል።

«በርዶኝ... ሳላውቀው አጥፌው ይሆናል።»

«ጠርዙንስ የመነጽር ፍሬም እንዲህ የፋቀው በአንድ ቀን ነው? ስትታገሉ የሁለታችሁም ወለቀ። አዳልጦት እንዲመስል አንዱን አንገቱ ላይ አጠለቁለት። ያጠለቁለት ግን የራስዎን ነበር። ስሙ ብሪድን የሚጎዳት ወንድሟ ስለሆኑ ነው፤ ንስሩ እንዲበላው የበግ ሬሳ ላይ መርዝ ያደረጉትም እርስዎ ነዎት።»

ኮለም በሩን አየ። ፖሊሱ ቆሞበታል።

«ንስሩ ግልገሎቼን እየጨረሰብኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ፊንታን ለአንድ ወፍ ብሎ በአገሩ ሁሉ ፊት ሊያዋርደኝ? ተወኝ ብዬ ለመንኩት እኮ!»

ኦርላ አፏን በመዳፏ ያዘች። ብሪድ ተነሥታ ወንድሟ ፊት ቆመች፤ አላለቀሰችም።

«ጭቃው ውስጥ ስትደፍቀው የተናገረው ነገር አለ?»

ኮለም አቀረቀረ።

«ንገረኝ፣ ኮለም።»

«ስምሽን ጠራ» አለ።

ብሪድ ካፖርቷን ቆልፋ ወጣች። ወደ መኪናው ሳይሆን ወደ ቦዩ ሄደች፤ ባሏን እስኪያነሡት ድረስ እጁን ይዛ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።